ቃጭል የሌለው ኳስ

የገላኗ ልጅ እንደምታይ እርግጠኛ የሆንኩት በመጣች በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊትም ጠርጥሬያት ነበር። ግን እኔ ያልጠረጠርኩት ሰው ስለሌለ፣ ጥርጣሬዬን ብቻ ይዤ ሰው ፊት መቅረብ አልፈለግኩም። ማስረጃ እፈልግ ነበር።

ጎልቦል እንጫወታለን፤ ቃሊቲ፣ ከከባድ መኪናዎች ማቆሚያ ጀርባ ባለ አንድ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ። ዓይነ ስውራን የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ ነው። ሦስት ለሦስት ሆነን በአዳራሹ ሁለት ጫፍ ፊት ለፊት እንቆማለን። ኳሱ ከባድ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ቃጭል አለ። አንደኛው ወገን መሬት ለመሬት ይወረውረዋል፣ ሌላው ቃጭሉን ሰምቶ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቶ በገላው ያግደዋል። ካመለጠው ጎል ነው። ጎሉ ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ ነው፣ ማምለጫ ሞልቷል። መስመራችንን የምናገኘው በእግራችን ነው፤ አሠልጣኛችን፣ ኮች የምንለው፣ ሲባጎ ዘርግቶ ከላዩ ፕላስተር ይለጥፍበታል። "ፀጥታ" ካለ በኋላ ማንም ትንፍሽ አይልም። ውጭ ተሳቢ ጥሩንባውን ከነፋ እንኳ እስኪያልፍ ቆመን እንጠብቃለን።

ሁላችንም ዓይናችን ላይ ጥቁር መነጽር እናስራለን። ዙሪያውን ስፖንጅ አለው፣ ብርሃን አያስገባም። ምንም የማያዩትም ያስራሉ፣ ምክንያቱም ከመካከላችን ትንሽ ትንሽ የምናይ አለን። እኛን "ጭላንጭሎች" ይሉናል። እኔ ጭላንጭል ነኝ። በግራ ዓይኔ ብርሃንና ጥላ እለያለሁ፤ ስልኬን አፍንጫዬ ላይ ካስጠጋሁ ደግሞ ትልልቅ ፊደል አነባለሁ።

ጭላንጭል መሆን እንዲህ ነው። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሰው ተነስቶልኝ ተቀመጥኩ። ነጭ በትሬን ጭኔ ላይ አጋድሜ ስልኬን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ መልእክት ሳነብ፣ ከአጠገቤ የቆሙ ሴትዮ ለጓደኛቸው "ታያለችኮ፣ በትሩን ለወንበር ብላ ነው የያዘችው" አሉ። ተነሳሁና "እናቴ፣ ይቀመጡ፣ በትሩንም ይያዙት" አልኳቸው። አልተቀመጡም፣ በትሩንም አልተቀበሉኝም። ዞሬ ደግሞ እኛ ሰፈር፣ ማለቴ ምንም ከማያዩት ጋር ስሆን፣ የወደቀ ቁልፍ ቀድሜ ካነሳሁ "አንቺ ምን አለብሽ፣ ታያለሽ" ይሉኛል። ለሚያዩት አስመሳይ፣ ለማያዩት ሰላይ። እንዲህ ሆኜ አድጌ ሰው ባልጠረጥር ነበር የሚገርመው።

ስለዚህ ፍተሻ አለ። ፈታሿ ከሁላችን ታላቅ የሆኑት፣ እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። አርባን አልፈዋል፣ አንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ያገናኛሉ፣ ከተወለዱ ጀምሮ ብርሃን የሚባል ነገር አያውቁም። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ጭላንጭሎችን ተራ አስይዘው መነጽራችንን ዙሪያውን በጣታቸው ይዳስሳሉ።

"እጅ ወደ ላይ። ስለት፣ ላይተር፣ ትርፍ ዓይን የያዘ አለ?" ይላሉ።

"የለም እትዬ።"

"እሺ፣ ይለፉ።"

እኔ የምቆመው መሃል ነበር። ብዙ ኳስ የሚመጣው መሃል ላለው ነው፤ ቡድን የሚቆመውም የሚወድቀውም በእሱ ነው። ሁለት ዓመት መሃል ቆሜያለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝም፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ካርቶን አጥፋለሁ፤ እዚያ እኔ ብቀር ሌላ ሰው ያጥፋል። "እሷ ትቁም" የምባልበት ቦታ ያ የሲሚንቶ መሃል ብቻ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ክፍለ ሀገር ውድድር አለ ተባለ። ስድስት ተጫዋች ይሄዳል፤ የሚጀምሩት ግን ሦስት፣ መሃል የሚቆመው አንድ።

የገላኗ ልጅ የመጣችው ይሄኔ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ገላን ኮንዶሚኒየም አክስቷ ጋ ትኖራለች። በመጀመሪያው ቀን ማስቲካ እያኘከች መጥታ ኮች አስተፋት። "እኔም ጭላንጭል ነኝ" አለችኝ፣ እንደ ዘመድ። ከእትዬ ጎን፣ ከእኔ ፊት ለፊት መሃል ላይ አቆሟት። የወረወርኩትን ሁሉ ያዘችው።

መያዟ አይደለም ያናደደኝ። ኳሱ ከእጄ ሳይወጣ መጋደሟ ነው። በበሩ በኩል እወረውራለሁ፣ እዚያ ተኝታለች። በመስኮቱ በኩል እወረውራለሁ፣ እዚያም ተኝታለች። ሰው ኳስ ሰምቶ ሲጋደም መጀመሪያ ቃጭል፣ ቀጥሎ ቱታው ሲሚንቶው ላይ ሲንሸራተት፣ ቀጥሎ "ጧ" ነው የሚሰማው። የእሷ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው፤ ቱታ፣ ቃጭል፣ "ጧ"።

ሁለተኛው ቅዳሜ ሹሩባ ተሠርቼ ሄድኩ። ገና በር ላይ "እንዴ፣ ተሠራሽ? ይመችሽ" አለችኝ። ማንም አልነገራትም፣ በእጇም አልነካችኝም። ይህንንም መዘገብኩ። ደጃፉ ላይ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ አለ፣ ሁላችንም እንረግጠዋለን፤ እሷ ዘላው አለፈች። ይህንንም።

ሻይ ሰዓት ላይ ኮችን ለብቻው ያዝኩት።

"ኮች፣ ይቺ ልጅ ታያለች።"

"በምን አወቅሽ?"

"ኳሱ ሳይጮህ ትጋደማለች።"

"ጆሮዋ ጥሩ ነዋ።"

"ጆሮ ያልጮኸ ነገር አይሰማም።"

"አንቺ ደግሞ። ባለፈው እኔንም ኳሱን ቀየርከው ብለሽኛል።"

ብዬዋለሁ። አሁንም እንዳልቀየረው እርግጠኛ አይደለሁም።

ሊገላገለኝ ብሎ ለዚያ ቀን ብቻ መነጽር አቀያየረን። የእኔን እሷ፣ የእሷን እኔ አሰርን። የዚያን ዕለት አራት ጎል ገባብኝ። እሷ እንደ ወትሮዋ ሁሉንም ያዘች። መነጽሯ ማስቲካ ማስቲካ ስለሚሸት ሐሳቤን በተነው አልኩ። ለራሴም እንደዚያ ነገርኩት፣ አመንኩትም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ዘዴውን አገኘሁት። ዕቃ ቤት ውስጥ አየሩ የጎደለ አሮጌ የቅርጫት ኳስ አለ። ቃጭል የለውም። ሲንከባለል ድመት ስትሄድ ያህል እንኳ አይሰማም። የማያይ ሰው ይህን ኳስ ከየት አምጥቶ ይይዘዋል? ብትይዘው ታያለች፣ አለቀ።

ኮች አልወደደውም። "አንዴ ብቻ" አለ። "ካልተጋደመች ግን ሁሉም ፊት ይቅርታ ትጠይቂያታለሽ።"

"ብትጋደምስ?"

"ያኔ የምናደርገውን እናደርጋለን።"

ከምሳ በኋላ ነበር። ከእኔና ከኮች በቀር ማንም አያውቅም። ኳሶቹን በቀስታ ለወጠልኝ። ጣቴ ሲነካው ለስልሶ ቀለለኝ፣ የሰው ዕቃ እንደያዝኩ ያህል ተሰማኝ። "ፀጥታ" አለ። አንድ ሲኖትራክ እያጓራ መጣ፣ ቆየን፣ አለፈ። በመስኮቱ በኩል፣ ጥጉን ይዤ ወረወርኩት። ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ምንም የለም። ከዚያ ቱታ ሲንሸራተት ሰማሁ፣ ከዚያ "ጧ"።

"ኳሱ ምን ሆነ?" አለች። "ተነፈሰ እንዴ?"

መነጽሬን አወለቅኩ። "ይኸው" አልኩ። "ቃጭል የለውም። ሆን ብዬ ነው የወረወርኩት። ታያለች ብዬ ነግሬያችሁ አልነበር? ይኸው ታያለች።"

የገላኗ ልጅ ኳሱን እያገላበጠች እንደነበር አውቃለሁ፤ ጥፍሯ ላስቲኩ ላይ ሲፍቅ ይሰማኝ ነበር። ያን ጊዜ እትዬ ሳል አሉ፣ ድምፃቸው ከታች፣ ከመሬት መጣ።

"እኔስ?" አሉ። "እኔም ከጎኗ ተጋድሜያለሁኮ። ክንዴ ከእግሯ ሥር ነው ያለው። እኔም አያለሁ በያ። ለእናቴ ደውለሽ ንገሪያት፣ ደስ ይላታል።"

ኮች መጥቶ ሊያነሳቸው ሲል "ተወኝ፣ እዚሁ ይመቸኛል" አሉት። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እኔ ልስቅ አልቻልኩም።

"እሺ እንዴት ሰማችሁት?" አልኩ።

የገላኗ ልጅ የተቀየመች አትመስልም ነበር። ግራ የገባት ነው የምትመስለው። "ኳሱን ማን ይሰማል?" አለች። "እጅሽን ነው የምሰማው። ከመወርወርሽ በፊት እጅሽን ቱታሽ ላይ ትጠርጊዋለሽ። በበሩ በኩል ስትወረውሪ አንዴ፣ በመስኮቱ በኩል ሁለቴ። አሁንም ሁለቴ ጠረግሽ። የምታውቂው መስሎኝ ነበር።"

"እኛ እናውቀዋለን" አሉ እትዬ።

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን አትይዙትም ነበር?"

"ማወቅና መድረስ አንድ ነው? እኔ እስክጋደም ኳሱ ቤቱ ይገባል። እሷ ልጅ ናት፣ ትደርሳለች።" ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፣ በሲባጎው ላይ እግራቸውን እያስሄዱ ወደ እኔ መጡ። "በይ አሁን አንቺ መሃል ቁሚ። እሷ ትወርውርልሽ፣ ባለ ቃጭሉን።"

መነጽሬን አሰርኩ። እጃቸውን ዘረጉ። ዙሪያውን ዳሰሱና እንደ ሁልጊዜው "ይለፉ" ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ አላሉም።

"ፊትሽን አጨማድጂ" አሉኝ።

"ምን?"

"ቅንድብሽን አንሺ፣ አፍንጫሽን ነፋ አድርጊ። ስትጫወቺ እንደምታደርጊው።"

አደረግኩ። ጣታቸው በአፍንጫዬ ጎን፣ ከመነጽሩ ሥር ገባ። እዚያ ጋ ስፖንጁ ተበልቷል። ፊቴን ካላንቀሳቀስኩ ጉንጬ ይደፍነዋል፤ ቅንድቤን ካነሳሁ የጥፍር ያህል ይከፈታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ትገባና ሲሚንቶው ይነጣል፤ በዚያች ቀዳዳ ቁልቁል ሳይ፣ የሚመጣ ኳስ ነጩ ላይ ጥቁር ነገር ሆኖ ይታየኛል። ስፖንጁን እኔ አልቆረጥኩትም። በራሱ ነው ያለቀው። ግን ማለቁን ለማንም አልተናገርኩም፣ በፍተሻ ሰዓት ደግሞ ፊቴን እንደ ፎቶ አደርቀው ነበር። ለራሴ ጆሮሽ ከሰዓት በኋላ ይነቃል እለው ነበር። ሰው ለራሱ የማይለው ነገር የለም።

እትዬ ኮችን ፕላስተር ጠይቀው ቀዳዳዋን በሁለት ድርብ ለጠፏት።

የገላኗ ልጅ ሦስት ወረወረች። ቃጭሉን እሰማዋለሁ፤ ግን አዳራሹን ሙሉ ይሞላዋል፣ ከየት እንደሆነ አላውቅም። የመጀመሪያው ከኋላዬ ግድግዳውን መታው። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ቁርጭምጭሚቴን መትቶ ቆመ፣ እኔ አልያዝኩትም፣ እሱ ነው ያገኘኝ።

እናቴ አንድ ተረት ትወዳለች፤ ሌባ እናት ልጇን አታምንም። አዳራሹ ውስጥ ማንም አልተረተውም። መተረት አላስፈለገም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ ኮች።

ከትናንት ማለት ይቻል ነበር። "ዓመት ሆኖታል" አልኩ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የውድድሩን መሃል ለእሷ ሰጣት፣ እኔን በበሩ በኩል ዳር ላይ አቆመኝ። አልተከራከርኩም። ላለመሄድም አስቤ ነበር፤ ሁለት ታክሲ አሳልፌ ሦስተኛው ላይ ተሳፈርኩ። ፕላስተር ገዝቼ ነበር፣ አውጥቼ ለእትዬ ሰጠኋቸው። "ዛሬ ያለ ፍተሻም ታልፊ ነበር" አሉኝ። "አይሆንም፣ ይፈትሹኝ" አልኳቸው።

ሻይ ሰዓት ላይ የገላኗን ልጅ ጠየቅኳት። ይቅርታ ሳልጠይቃት ነው የጠየቅኳት፣ ኮችም አላስታወሰኝም።

"ሹሩባ መሠራቴን በምን አወቅሽ?"

"ራስሽን ትመቺ ነበራ። አዲስ የተሠራ ሰው ያሳክከዋል፣ ፀጉሩ እንዳይበላሽ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል።"

"ጉድጓዱስ?"

"የቱ ጉድጓድ?"

"ደጃፉ ላይ ያለው፣ የዘለልሽው።"

"እሱን አያለሁ" አለች፣ እንደ ቀላል ነገር። "ጭላንጭል አይደለሁ እንዴ? ውሃ ሲሆን ያበራል።"

አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም፤ እንዲህ በቀላሉ ብታምኚ ኖሮ ምኑን አንቺ ሆንሽ የሚል ነገር ውስጤ አለ። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ሳይሆን ጆሮዬን ጣልኩባት። ልምምድ ላይ ፊት ለፊት ስንቆም ኳሱን ትቼ እሷን እሰማለሁ። ሁለት ቅዳሜ ምንም አላገኘሁም። እጇን አትጠርግም፣ አታስልም፣ አትተነፍስም ማለት ይቻላል።

በሦስተኛው የአንድ እግሯ ጫማ ሶል አፉን እንደከፈተ አወቅኩ። ስትራመድ ጠብ ይላል። በመስኮቱ በኩል ልትወረውር ስትል ሁለት ጠብ፣ በእኔ በኩል ልትወረውር ስትል ሦስት። ለማንም አልነገርኩም፣ ለእሷም ጭምር። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ መሃሉን ደግሞ እኔ ገና አልተውኩትም።

"ፀጥታ" አለ ኮች።

ጠብ። ጠብ። ጠብ።

ቃጭሉን ሳልጠብቅ ተጋደምኩ።