የፍሬን እቁብ

ትናንት ጠዋት ከፒያሳ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል እየወረድኩ ፍሬን ያዝኩ... ብስክሌቴ አልሰማኝም። ደግሜ ጨመቅኩት። ምንም!

ከፊቴ ልጇን ያዘለች ሴት መንገድ እያቋረጠች ነበር። «እህቴ ዞር በይ!» እያልኩ ስጮህ እሷ ጭራሽ ደንግጣ ቆመች። የኋላው ፍሬን ድሮም ደካማ ነው፣ የምተማመነው በፊተኛው ነው። የቀረኝ ምርጫ እሷን መግጨት ወይም ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር መላተም ነበር።

ጠርዙን መረጥኩ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ሱሪዬ ተቀደደ። ሴትየዋ ራሷ ሮጣ መጥታ አነሳችኝ። ጀርባዋ ላይ ያለው ህጻን እንቅልፉን እንኳ አላቋረጠም።

ብስክሌቷን ከጥገና ቤት ከተረከብኳት ገና አስር ደቂቃ አልሞላም ነበር። ባለፈው ቀን ጎማዋ ተነፈሰና ፒያሳ አዲስ የተከፈተ ቤት ወሰድኳት። ሙዚቃው፣ መብራቱ፣ መስታወቱ... ፀጉር ቤት ነው የሚመስለው። ቢኒ የሚባለውን ባለቤቱን የውስጥ ጎማውን፣ ካላማዳሪውን ብቻ ቀይርልኝ አልኩት። ጠዋት ልወስድ ስሄድ «እግረ መንገዴን ፍሬንሽንም አይቼልሻለሁ» አለኝ። እኔም አመስግኜው ወጣሁ። እሱ «አየሁት» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ በምን አውቄ?

እያነከስኩ፣ ብስክሌቴን እየገፋሁ ዳገቱን ተመልሼ ወጣሁ። ንዴት ጉልበት ይሰጣል ለካ።

«ፍሬኔን ምን አደረግከው?» አልኩት ገና ከበሩ።

ደሜን እንኳ ዞር ብሎ አላየም። «እህቴ፣ ፍሬኑ ምንም አይልም። ቁልቁለት ላይ ቀስ ማለት ነው። ደግሞ እናንተ ሴቶች ስትደነግጡ አጥብቃችሁ አትይዙም» ብሎኝ እርፍ!

ልመልስለት አፌን ስከፍት አንድ ዴሊቨሪ የሚሰራ ጎልማሳ ብስክሌቱን ሊወስድ ገባ። ከግድግዳው አንስቶ ሲያዞረው የፊት ፍሬኑ ላይ ቀይ ነጥብ አየሁ።

ያን ነጥብ የቀባሁት እኔ ነኝ! እናቴ ለለቅሶና ለድግስ የምታውሰው ሰሃን እንዳይጠፋባት ከስሩ በጥፍር ቀለም ምልክት ታደርግበታለች። እኔም የእሷ ልጅ አይደለሁ... ብስክሌቴን የገዛሁ ቀን ያገኘሁትን ብረት ሁሉ ነጥብ ነጥብ አድርጌበታለሁ። ቤት ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው የለም።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄ ፍሬን የኔ ነው» አልኩት።

ሰውዬው ግራ ገባው። «እንዴ! አዲስ ነው ብሎ ነው የገጠመልኝ...» አለና ጎንበስ ብሎ የኔን ብስክሌት አየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። «ይሄማ የኔ ነው! አንተ፣ አልቋል ብለህ ፈትተኸው የለ? ጣልኩት አላልከኝም?»

አስቡት እስቲ። ሰውዬው አልይዝ ብሎ ሊገድለኝ ነው ብሎ ያስፈታውን ፍሬን ነው እኔ ተገጥሞልኝ ቸርችልን የወረድኩት!

ጥግ ላይ ብስክሌታቸውን ዳግም አምጥተው ተራ የሚጠብቁ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ይሄን ሲሰሙ መነጽራቸውን አድርገው ብድግ አሉና የዴሊቨሪውን ሰውዬ ፔዳል መመርመር ጀመሩ። «ወይ ጉድ... ይሄ ፔዳል የኔ ነው፣ ይቺን ሽቦ ያሰርኳት እኮ እኔ ነኝ» አሉ።

ሶስታችንም ወደ ቢኒ ዞርን። ይምላል፣ ይለምናል ብዬ ነበር። አጅሬ ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ምን ያስጮሃችኋል? እኔ ቤቴ የወሰድኩት ነገር አለ? ሁሉም እናንተው ጋ ነው ያለው። እንደ እቁብ እዩት በቃ! ዛሬ ለሱ ወጣ፣ ነገ ላንቺ ይወጣል» አለን።

እቁብ! እቁብተኛው መግባቱን የማያውቀው እቁብ!

ዴሊቨሪው ሰውዬ ሳቅ አመለጠው። ሁለቱም እጣ የወጣው ለሱ ስለሆነ ይሆናል። እኔ ግን ያ የተኛ ህጻን ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ብስክሌቴን ገፍቼ ቢኒ ፊት አቆምኩና፣ «ፍሬኑ ምንም አይልም አይደል ያልከው? በል ተቀመጥበት። ቸርችልን እስከ ታች ወርደህ ና» አልኩት።

ብስክሌቷን አየ። ቁልቁለቱን አየ።

«እብድ ነኝ እንዴ?» አለ።

አምልጦት ነው። ዴሊቨሪው ሰውዬም ሳቁን ዋጠው። ተሳስቶ ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ግን ያውቃል! እያወቀ ነው ጠዋት «መልካም ቀን» ብሎ የሸኘኝ። እንደዛ ተናድጄ አላውቅም።

ጋሽ ታደሰ ወንበራቸውን በሩ ላይ አስቀምጠው ቁጭ አሉበት። «በል ልጄ፣ የሰውን ለሰው መልስ። እኛም እናያለን» አሉት። እያንዳንዷን ብሎን እያየን አስፈታነው፣ አስገጠምነው። አብረን ልንከሰውም ስልክ ተለዋውጠናል።

ስወድቅ ቸርኬው ተጣሞ ስለነበር ጋሽ ታደሰ አምስት ኪሎ አካባቢ ወደሚያውቁት ሌላ ጠጋኝ ላኩኝ። ሽኩር ይባላል፣ ነጭናጫ ነው። ሰላምታዬን እንኳ በወጉ አልመለሰልኝም፣ «ለዛሬ አይደርስም» ብቻ። ዛሬ ስሄድ ጨርሶታል። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ «ቆይ!» ብሎ ተቆጣኝና ራሱ ወጥቶበት ቁልቁለቱን ተምዘገዘገ። ታች ሲደርስ ፍሬን ያዘ... ቀጥ! እየገፋ ተመለሰና «አሁን ውሰጂው» አለኝ።

እናንተም ጥገና ቤት ስትሄዱ «ዋስትና አለው ወይ?» እያላችሁ አትድከሙ፤ «መጀመሪያ አንተ ንዳው» በሉትና ፊቱን እዩት።