የለቅሶ ድንኳን ውስጥ የተመለሰ የፋሲካ ሰላምታ

"ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!" አሉ ቄሱ። ድንኳኑ ውስጥ የመለሰ ሰው የለም።

ዛሬ እዚሁ አዲሱ ገበያ፣ የጎረቤቴ የእትዬ አስናቀች ልጅ የያሬድ ሠልስት ነበር። ለካ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ የለቅሶ ቤት ጸሎትም የሚከፈተው በፋሲካ ሰላምታ ነው። ዓይናችን ሳይደርቅ ማን ይመልስ?

(እኔማ ለቅሶ ቤት "እግዜር ያጽናችሁ" ካልኩ በኋላ ሌላ ቃል የለኝም። ንፍሮዬን ዘግኜ መሬት መሬት ማየት ነው።)

ቄሱ አልተቆጡም፤ ጠበቁ።

ከፍራሹ በኩል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። "በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን።" እትዬ አስናቀች ናቸው!

"አሰሮ ለሰይጣን" አሉ ቄሱ።

"አግዐዞ ለአዳም" አሉ እሳቸው።

እንዲህ እየተቀባበሉ መጨረሻው ላይ ደረሱ። ቄሱ "ኮነ" ሲሏቸው፣ "ፍስሐ..." አሉና ሲቃ ተናነቃቸው።

ድንኳኑ በሙሉ ጨረሰላቸው፦ "ፍስሐ ወሰላም!"

አጠገቤ የተቀመጠው ባለሱቁ ሐሰን "ምን ማለት ነው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ክርስቶስ ሞትን አሸንፎ ተነሥቷል፤ ከእንግዲህ ደስታና ሰላም ሆነ ማለት ነው" አልኩት።

እትዬ አስናቀችን አየት አደረጋቸው። "ይህን... ልጃቸውን ቀብረው?" አለኝ።

በየዓመቱ ቃሉን ስል የኖርኩት ዶሮ ወጡ እየሸተተኝ ነው። ለማን እንደተባለ የገባኝ ዛሬ ነው።

እናንተስ? "ደስታ" የሚለው ቃል ጉሮሯችሁ ላይ ሲቀር፣ ማን ጨረሰላችሁ?