ንጉሡን ከግንቡ ማን አስነሳው?

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ... ደባርቅ እንደ ልማዷ ጭጋጓን ተከናንባ፣ እኔም እንደ ልማዴ ጠመኔዬን ጨብጬ ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። የዕለቱ ትምህርት «ግንብ እናውቃለን፣ ግንብ እንስላለን» ይላል። ይህን ያዘጋጀ ሰው የኔን ሥዕል አላየም ማለት ነው።

ለማታውቁኝ፣ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። የሥዕል ችሎታዬ ዶሮ አመድ ላይ ከምትጭረው ብዙም አይርቅም። ልጆቹን ጎንደር ወስዶ ግንቡን ማሳየት ደግሞ የማይታሰብ ነው... መንገዱ ሲከፈት መኪና የለም፣ መኪናው ሲገኝ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ የነገሥታቱን ግንብ ደባርቅ ድረስ የማምጣቱ ታሪካዊ ኃላፊነት በኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

«መጀመሪያ ትልቅ አራት ማዕዘን» አልኩ። «ከግራና ከቀኙ ማማ አቁሙለት። ማማው አናት ላይ ግማሽ እንቁላል ድፉበት። የግድግዳው ጫፍ ላይ ደግሞ ዙሪያውን ጥርስ አውጡለት።»

ሣሉ። አንዱ ልጅ ግንቡን ሁለት የፊት ጥርስ ነፈገው። ለምን ብዬ ስጠይቀው አፉን ከፍቶ አሳየኝ... የሱም የሉም። ማስረጃ ስላቀረበ አለፍኩት።

ይሄኔ ብርቄ እጇን አወጣች። የብርቄ ቤተሰቦች ከተራራው ፓርክ ውስጥ ተነስተው ደባርቅ ከሰፈሩት ናቸው። መንደራቸው ለዋልያውና ለቱሪስቱ ተለቅቆ፣ እነሱ እዚህ የቆርቆሮ ቤት ገብተዋል። እሷ የተወለደችው እዚሁ ነው። ተራራውን የምታውቀው በአያቷ አፍ ብቻ ነው።

«ቲቸር፣ እዚህ ግንብ ውስጥ ማን ነው ያለው?»

«ድሮ ንጉሡ ይኖርበት ነበር። አሁን ማንም የለም።»

«ባዶውን?»

«ቱሪስት እየመጣ ያየዋል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። በሩ ላይ ጥበቃ አለ።»

ብርቄ እርሳሷን አስቀመጠች። «እንዴ! ንጉሡንም አስነሱት?»

የክፍሉ ግማሽ የሷ ሰፈር ልጅ ነው። ነገሩ ከኔ ቀድሞ ገባቸው።

«ካሳ ሰጡት?» አለ ጥርሰ ወላቃው።

«ከብቶቹንስ የት አደረጋቸው?» አለች አጠገቡ ያለችው።

«እዚህ ነው የሰፈረው? የእነማን ጎረቤት ነው?»

«ማንም አላስነሳቸውም፤ ዘመኑ ተለወጠና ነገሥታቱ ሌላ አገር ሄዱ» ብዬ ልገላገል ሞከርኩ።

«በኋላስ ተመለሱ?» አለች ብርቄ።

«አልተመለሱም።»

«ንጉሥ ሆነው?»

«ንጉሥ ሆነው» አልኩ፣ እንደ ታሪክ ምሁር ጉሮሮዬን ጠርጌ። «አንዴ ከወጡ መመለስ የለም፣ ብርቄ። አሁን ቅርስ ሆኗል።»

ሥዕሏን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ማማው አለ፣ ጥርሱ አለ። በሩ ግን ግድግዳው ላይ አይደለም... ውጭ፣ ማማው ሥር፣ ተደግፎ ቆሟል።

«በሩ ምን ይሠራል ውጭ?»

«የኛም እንደዚህ ነው። አያቴ ስንመለስ ነው የሚገጠመው ይላል።»

እኔ ምን አደረግኩ? ላጲስ ሰጠኋት። «የበር ቦታው ግድግዳ ላይ ነው» አልኳት። አጥፍታ በቦታው ሣለችው። «እጅግ በጣም ጥሩ» ብዬ በቀይ ጻፍኩላት።

ሐሙስ ጠዋት አያቷ፣ አያ ሙላት፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። ዱላቸውን አይቼ ርቀቴን ጠበቅሁ።

«ንጉሡ አልተመለሰም ብለህ ያስተማርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አያ ሙላት፣ ግን እኮ የልጆች ትምህርት...»

«ጦር ነበረው?»

«ነበረው።»

«ዳኛው፣ ቄሱ፣ ሹማምንቱ?»

«ሁሉም ነበረው።»

«እና አልተመለሰም።»

«አልተመለሰም።»

ወደ ተራራው ዞሩ። ከጭጋጉ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

«በሩን አባቴ ነው ከጥድ የጠረበው» አሉ። «ስንነሳ እንደ ቃሬዛ ለአራት ተሸክመን ነው ያወረድነው። ቤቱ ቢፈርስ፣ በሩ ካለ ሌላ ይሠራል ብዬ። እዚህ ግን አልገጥምም አልኩ። እንግዳ የሰው ቤት ላይ በር አይገጥምም።»

«አያ ሙላት፣ እርስዎ እኮ...»

«ተወው። ልጅቱ ማታ ስትነግረኝ ሰማሁ። እኔ ማን ነኝና ነው?» ዱላቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ። «ማጠፊያ የሚመታ አናጢ ታውቃለህ?»

ዱላው በስንት ጣዕሙ!

ቅዳሜ አናጢ ይዤ ሄድኩ። ስንት ዓመት ላስቲክ ለብሶ ግድግዳ ተደግፎ የከረመውን በር ገፈፍነው። ለአራት የመጣው በር ለሦስት ከበደን። ልንገጥመው ብናነሳው አልገባም። ቆርቆሮው ቤት ጠቦበታል። አናጢው አያ ሙላትን አየ። አያ ሙላት መሬት አዩ።

«ቁረጠው» አሉ።

መጋዙ ሲገባበት የጥዱ ሽታ ግቢውን ሞላው። አያ ሙላት የተቆረጠውን ጉማጅ አንስተው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፣ ከዚያ ለምራታቸው ሰጡ። «ለማገዶ ይሆናል።»

በሩ ተገጠመ። ብርቄ ሁለት ጊዜ ከፍታ ዘጋችውና ወደኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ አሁን ልክ ነው?»

«አሁን ልክ ነው» አልኳት።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ትምህርቴ ከክፍል ወጥቶ፣ ሰው ቤት ድረስ ዘልቆ፣ በተግባር ላይ ሲውል ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው... እግዜር ዳግመኛ አያሳየኝ።