የሐሩን ቀይ ባልዲ

ይህን የምጽፈው በአማርኛ ነው። ፊደሉን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ ግድፈት ብታገኙ ግን እኔን እንጂ እሷን አትውቀሱ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ የጻፍኩት በዓረብኛ ነበር። የተጻፈባቸው ሰዎች አንዳቸውም ሊያነቡት አይችሉም ነበር። ያኔ ይህ ቅር እንኳ አላለኝም።

ፈይዛ እባላለሁ። የተወለድኩት መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር ነው። አያቴ ለሐጅ መጥቶ እዚያው ስለቀረ፣ እኛ ወረቀት ያለን፣ ፖሊስ ስናይ መንገድ የማንቀይር ሰዎች ሆነን አደግን። በፈረንጆቹ 2013 ጅዳ ውስጥ ሚዲያና ኮሙኒኬሽን የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ሐሩን የእናቴ የአጎት ልጅ ነው፤ እኔ አጎቴ እለዋለሁ። ጅዳ፣ በኒ ማሊክ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬና የስልክ ካርድ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ከሱቁ በላይ ባሉት ክፍሎች ከወሎ የመጡ አሥራ አራት ወጣቶች ይኖሩ ነበር። ቀን ቀን ፔትሮሚን የሚባለው ሰፈር ወርደው ዕቃ ሲጭኑና ሲያራግፉ ይውላሉ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው አንድም አልነበረም። ሐሩን ግን ስላለው ጠባቂያቸው እሱ ሆነ። ሱቁ ደጃፍ ላይ አንድ ቀይ ባልዲ ያስቀምጣል። ባልዲው ቀጥ ብሎ ከቆመ ሰፈሩ ሰላም ነው፤ ከተደፋ ፖሊስ አለ ማለት ነው። ልጆቹ ከመንገዱ ጥግ ሆነው ያዩትና ተደፍቶ ካገኙት መስጊድ ገብተው ይቆያሉ።

ይህን የነገረኝ ሙዘሚል ነው፤ ከአሥራ አራቱ ሁሉ ሳቂታው፣ አገር ቤት የሐሩን መንደር ልጅ። አንድ ሐሙስ ከእናቴ ጋር በርበሬ ልንገዛ ሄደን ባልዲውን በእግሬ ገፋ ሳደርገው ክው አለ።

«ተይ እህቴ! እሱ ባልዲ አይደለም፣ ሬዲዮናችን ነው» አለኝ።

በዚያው ሰሞን መምህራችን ኡስታዛ ዱዓ፣ ሰዎች ያለ ቃል እንዴት እንደሚግባቡ ጻፉ ብላን ነበር። ጻፍኩ። ስም ደብቁ ተብለን ስለተማርን ሐሩንን ኻሊድ፣ ሙዘሚልን ሳሊም አልኳቸው፤ በጥንቃቄዬም ኮራሁ። የባልዲውን ቀለም፣ የመንገዱን ስም፣ የሱቁን በር ግን አንድ በአንድ አሰፈርኩ። ዝርዝር ጽሑፍን ሕያው ያደርጋል ተብለናላ! ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ጽሑፉ በተማሪዎች መጽሔት ወጣ፣ በትዊተርም ብዙ ሰው ተቀባበለው። በኒ ማሊክ ላሉት ግን አንድ ቃል አልነገርኳቸውም። ትዝም አላለኝ።

መንግሥት ወረቀት ለሌላቸው የሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ አሰሳው በተጀመረ በሳምንቱ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፖሊሶች በኒ ማሊክ ገቡ። ሐሩን እንዳያቸው ባልዲውን ደፋው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በማግስቱ እሱው ነገረኝ።

«አንዱ ጎረምሳ ፖሊስ ስልኩን አየ፣ ከዚያ ባልዲዬን አየ። ሳቅ አለና መልሶ አቆመው። እኔን ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ልጆቹ ከሥራ ሲመለሱ ባልዲውን እያዩ፣ እየተጫወቱ ገቡ፣ ፈይዛዬ። ሙዘሚልማ ዳቦ ይዞልኝ ነበር።» እንባውን በራሱ ላይ በጠመጠመው ሽማግ ጠረገ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። ማን ነገረብን ትያለሽ?»

«አላሁ አዕለም፣ አጎቴ» አልኩት። አላህ ይወቅ ማለቴ ነው። እኔም አውቅ ነበር፤ የአላህን ስም መደበቂያ አደረግኩት።

አሥራ አራቱም ወደ አገር ቤት ተላኩ። ሐሩን ኢቃማ ስላለው ተለቀቀ፤ ጥፋቱም ይኸው ሆነ። ባልዲው ቆሞ ነበር፣ እሱም አልተያዘም፤ ሰዉ ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ደንበኛው ሁሉ ራቀው። በስድስተኛው ወር ሱቁን ዘግቶ ወደ መንደሩ ተመለሰ። እኔ ደግሞ ተመረቅኩ። ሥራ ስጠይቅ ያሳየሁት ያንኑ ጽሑፍ ነበር፤ ወደዱትና ቀጠሩኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

እናቴ በየጁምዓው ወደ አገር ቤት ትደውላለች። ባለፈው ስልኩን ዘግታ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ለሐሩን ሰላምታ እንኳ የሚመልስለት የለም» አለችኝ። «ልጁን ዚነትን ሲድር ሙዘሚል እየዞረ፣ ከከዳተኛ ቤት አትብሉ ብሎ ሰዉን አስቀረው አሉ። የሚመርቃት ሽማግሌ ጠፍቶ ሙሽራዋ ሳትመረቅ ወጣች። ያ ምስኪን ምን አጠፋ?»

ምንም አላጠፋም፣ እማ። ለአንቺም ዛሬ ገና መናገሬ ነው።

ሙዘሚል፣ ይህ ጽሑፍ ላንተ ነው። ጁምዓ ከሶላት በኋላ፣ መስጊዱ ደጅ ላይ፣ ሐሩን ባለበት ጮክ ብለህ አንብበው። አንተ የነገርከው ለእህትህ ነው፣ ለመጽሔት አይደለም፤ ራስህን አትውቀስ። ባልዲውን የሸጥኩት እኔ ነኝ፣ ለሙሉ ነጥብ። በዚህኛው ጽሑፍ የማናችሁንም ስም አልቀየርኩም፤ የእኔ ስም ጋ ስትደርስ አዝነህልኝ እንዳትዘለው። ጨርሰህ ስታበቃ ወደ ሐሩን ቤት ሂድ። በዚያ ቀን ይዘህለት የነበረውን ዳቦ እሱ አልበላውም፤ ሌላ ገዝተህ ውሰድለት።