ለስፔክትሮግራፉ የወጣው የእድር ድንኳን

የእድራችን ድንኳን ያለ ሐዘን ከመጋዘን አይወጣም። ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝና ለልደት፣ ለምረቃ ብለው የመጡትን ሁሉ ፊት ነስቼ መልሻለሁ። ሀዊን ግን እንዴት ልመልሳት?

ሀዊ የጎረቤቴ የያደሳ ልጅ ናት። በልጅነቷ የቤቱን ሬዲዮ ስትፈታ እንጂ መልሳ ስትገጥም አላየኋትም። አሁን መሐንዲስ ሆና፣ ባሕር ማዶ ላለ ትልቅ ቴሌስኮፕ ስፔክትሮግራፍ ከሚሠሩት አንዷ ናት። የኮከብን ብርሃን በየቀለሙ ዘርዝሮ ኮከቡ ከምን እንደተሠራ የሚናገር መሣሪያ ነው። የእሷ ድርሻ ብርሃኑ የሚገባበት ክፍል ነው። ሁለቴ ሞክራ አልሆነላትም። ድንኳኑን ልትለምነኝ በመጣችበት ቀን ከሰዓት በቪዲዮ ሲሠራ ካላሳየች ሥራው ለሌላ ቡድን ሊሰጥ ነው።

የመሥሪያ ቤቷ ላብራቶሪ እድሳት ላይ ስለነበር ዕቃዋን ኮልፌ ወዳባቷ ግቢ አምጥታ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ዘርግታዋለች። ጣሪያው ግን አሮጌ ቆርቆሮ ነው፤ በየምስማሩ ቀዳዳ ብርሃን ይገባል።

«ጋሼ ፍቅረማርያም፣ ጨለማ ካላገኘሁ አለቀልኝ። ድንኳኑን ያውሱኝ፣ በናትዎ!»

ተሸነፍኩ። በጋሪ አስጭኜ ወስጄ ጣሪያውን አለበስኩላት። ቤቱ ድቅድቅ አለ። የፀሐይ ብርሃን በአንዲት ቀጭን የመስታወት ገመድ ብቻ ወደ መሣሪያው ይገባል። ሀዊ በደስታ ጉንጬን ሳመችኝ። ለጎረቤት መንገር ያለብን መሆኑን ግን ሁለታችንም አላሰብንም።

ያደሳ ሰሞኑን ትንሽ አሞት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ሙሉወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ «ወይኔ ያደሳ! ወይኔ ወንድሜ!» እያለች፣ ደረቷን እየደቃች ገባች። ከኋላዋ ሰፈርተኛው ሁሉ ተከተለ። ከጦር ኃይሎች ሰፈር በታክሲ የተመለሰው ያደሳ ራሱ ድንኳኑን ከሩቅ አይቶ ኖሮ፣ «ማነው የሞተብኝ?» እያለ እያለቀሰ ደረሰ። ሙሉወርቅ ስታየው እዚያው ቁጭ አለች።

ሀዊ ከሰርቪሱ ብቅ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ማንም አልሞተም! እባካችሁ ባላችሁበት ቁጭ በሉ፤ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ መሣሪያውም ይንቀጠቀጣል። ሰዎቹ በቪዲዮ እያዩኝ ነው!»

ለቅሶ ቤት ውሎ የማያውቅ ሰው እኛ ሰፈር የለም፤ ዝም ብሎ መቀመጥ እንችልበታለን። ያ ሁሉ ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሕፃናቱ እንኳ ጸጥ አሉ። እኔ ለራሴ ጭንቀት ሊገድለኝ ነበር።

በሩ ተከፈተ። «ሰዎቹ ተቀበሉት! የኔ ክፍል ቴሌስኮፑ ላይ ይገጠማል!» ብላ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

እጁን ይዛ አስገባችው፤ እኔም ተከተልኩ። ኮምፒዩተሩ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴው በተራ ተዘርግቷል፤ በመሐሉ ጥቋቁር ሰረዞች አሉ።

«ይቺ ጥቁሯ ምንድን ናት?» አላት።

«ብረት ነው አባዬ። ፀሐይ ላይ ያለ ብረት።»

«ከኛ ግቢ ሆነሽ አየሽው?»

ራሷን ነቀነቀችለት። ያደሳ እንባውን በመዳፉ ጠርጎ በሩ ላይ ቆመ። «ጎረቤቶቼ፣ ለቅሶዬን በቁሜ አየሁት፤ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደግሞ ልጄን እልል በሉልኝ!»

ሙሉወርቅ ማንንም አልጠበቀችም። ለለቅሶ ይዛው የመጣችውን ድምፅ ሁሉ በእልልታ ጨረሰችው።