ፊደሉ የተፋቀው ኪቦርድ

ንፋስ መውጫ ከተማ ኮምፒውተር በማስተምርበት ጊዜ በጣም ያናደደህ ምንድን ነው ብባል መብራት መጥፋቱን አልጠራም። መብራት ቢጠፋም ተመልሶ ይመጣል። እኔን ያቃጠለኝ የንብረት ክፍሉ ቁልፍ ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ የጭነት መኪና ስምንት ትልልቅ ካርቶን አራግፎልን በሄደ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃውን ሲቀይር አሮጌውን ለገጠር ትምህርት ቤት ለገሰ ተባለ። ርዕሰ መምህራችን ደስታቸውን የሚያደርጉበት አጡ። ወላጅ ተጠራ፣ ቄስ ባረኩ፣ ሪባን ተቆረጠ። የመጀመሪያውን ሰክቼ ሳበራው ጥቁሩ መስታወት ላይ አንዲት አረንጓዴ ምልክት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ስምንተኛውም እንደዚያው። ወላጆች በትዕግሥት ጠበቁ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው ይኸው ነው ወይ ሲሉ ጠየቁኝ፤ ይኸው ነው አልኳቸው።

ኮምፒውተር አልነበሩም። ተርሚናል የሚባሉ፣ ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ያላቸው ዕቃዎች ነበሩ። በመጡበት መሥሪያ ቤት አንድ ሙሉ ክፍል የሚይዝ ትልቅ ኮምፒውተር ነበረ፤ የሚያስበውም የሚያስታውሰውም እሱ ነው። እነዚህ ሰው የጻፈውን ለእሱ ያደርሳሉ፣ እሱ የመለሰውን ያሳያሉ። ትልቁን ጥለው እነሱን ላኩልን፤ በሬ ለሌለው ገበሬ ቀንበር እንደ መላክ ማለት ነው። ይህን ለርዕሰ መምህሩ ሳስረዳቸው ሰው እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ እንዳደርግ ነገሩኝ።

እልህ ያዘኝ። ካንዱ ካርቶን ሥር ስምንት የኬብል ቀዳዳ ያለው ካርድ አገኘሁ። ቢሮ ውስጥ ማንም የማይነካው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረን፤ ካርዱን እሱ ውስጥ ሰክቼ ለእነዚህ ለስምንቱ እንደ ትልቁ ኮምፒውተር እንዲሆንላቸው አሰብኩ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ግን አንዲት ብሎን እንዳትፈታ አሉኝ። ዕቃዎቹ በኮምፒውተርነት ተመዝግበዋል፤ ኮምፒውተር ደግሞ አይፈታም። ኮምፒውተር አይደሉም ብላቸው መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ። ሦስት ሳምንት ተከራክሬ፣ ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ሽቦ ገዝቼ፣ መብራት ሲጠፋ የብየዳውን ብረት በከሰል እያጋልኩ ስድስቱን አሠራኋቸው። ሁለቱ እምቢ አሉ። የሚችሉት መጻፍ ብቻ ነው፤ እሱንም በእንግሊዝኛ ፊደል። ቢሆንም ተማሪዎቼ ኪቦርድ ነኩ።

ከሁሉም ይልቅ የተጠቀመችባቸው ግን ተማሪ አልነበረችም። የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ናት። በአካባቢያችን ያለችው የቤተ ልሔም ደብር ብራና ፋቂ ልጅ ስትሆን ባሏ ሲሞትባት ሴት ልጇን ይዛ ከተማ ገባች፤ ቀን ክፍል እየጠረገች ማታ እየተማረች አሥረኛን ጨርሳለች። ታላቅ እህቴን ስለምታክል እታለም እላት ነበር። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ልትዛወር ነው ሲባል ሰማችና አንድ ቀን መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ ታይፕ እንዳስተምራት ጠየቀችኝ። የቅጥር ፈተናው ከእንግሊዝኛው ይልቅ በአማርኛው ላይ እንደሚያተኩር ታውቃለች፤ የእኔ ስክሪኖች ደግሞ አማርኛ የሚባል አያውቁም።

መፍትሔው ቀላል ነበር። እውነተኛ ኮምፒውተር ላይም ቢሆን አማርኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛው ቁልፍ ነው፤ ስለዚህ ስክሪኑ ያሳይ አያሳይ ለጣት አንድ ነው። ከሰሌዳ ላይ የተነሣ ማስታወቂያ አጠገቧ እለጥፍላታለሁ፣ እሷ በአማርኛ እያሰበች ትመታለች፣ ስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝባዝንኬ ይደረደራል። እኔ ዝባዝንኬውን አንብቤ አርማለሁ። ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን ከኋላዋ ቆመው አዩና ይህ ምን ቋንቋ ነው አሉኝ። አማርኛ ነው ስላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ጥፋቷ አንድ ነበር፤ ጣቷን ታያለች። ጸሐፊ የሚያየው ወረቀቱን ነው፣ ቁልፉን አይደለም። ደጋግሜ ተናገርኩ፤ አንዳንዴም ጮህኩባት፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ቀና ትላለች፣ ሁለት መስመር ትሄዳለች፣ ዓይኗ ተመልሶ ይወርዳል።

ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ። ከዞን ሰው ሊመጣ ነው፤ ኮምፒውተር ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች አዲስ ይሰጣል። ስድስት ስክሪን በርቶ ካየ እናንተማ አላችሁ ብሎ ያልፈናል። ስለዚህ ሁሉንም ንቀል አሉኝ። ልጆቹስ፣ ሴትዮዋስ ብዬ ለመንኳቸው።

«ስድስት አሮጌ አቅፈን ሃያ አዲስ ይለፈን?» አሉኝ።

የሚያናድደው እውነታቸውን መሆኑ ነው። ነቀልኳቸው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በሩን ከመቆለፋቸው በፊት ግን አንዱን ኪቦርድ በጋቢዬ ሥር ይዤ ወጣሁ። የንፋስ መውጫ ብርድ እዚህ ላይ ጠቀመኝ፤ ጋቢ የደረበ ሰው ምን ይዘሃል አይባልም።

አዲሶቹ በእርግጥ መጡ። ሃያ ናቸው፤ የሚያማምሩ። እስኪመረቁ ድረስ እንዳይነኩ ታዘዘና ዳንቴል ለብሰው ተቆለፈባቸው። የክብር እንግዳው ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ ሲባል ክረምቱ ደረሰ። እኔ በመስኮት እያየኋቸው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ኪቦርድ ሥዬ አስተማርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ የመረረኝ ጊዜ የለም።

እታለም የሰጠኋትን ኪቦርድ ሣጥኗ ላይ አስቀምጣ ትለማመድ ነበር። ገመዱ ከምንም ጋር አልተያያዘም። አልፎ አልፎ ሄጄ አያታለሁ፤ ግን የትም ያልተጻፈን ጽሑፍ ማን ያርማል? ቁጭ ብዬ የቁልፉን ድምፅ እሰማለሁ፤ ሲደናቀፍ ድገሚው እላለሁ። ኪቦርዱን በነጠላ ከልላው ነበር የምትመታው፤ እጇን ላለማየት መስሎኝ ጎሽ አልኳት። በልቤ ግን በከንቱ እንደማደክማት ይሰማኝ ነበር።

ለፈተናው አራት ሴቶች ቀረቡ። ሦስቱ ከደብረ ታቦር የሥልጠና ወረቀት ይዘው የመጡ ናቸው። እሷ ከወረቀቱ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ጻፈች፤ አንደኛ ወጣች። ፈታኞቹ የት ሠለጠንሽ ሲሏት እዚሁ ብላ መለሰች። ያን ቀን ደስ አለኝ፤ መደበቅ አያስፈልገኝም።

የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዋን ሳትጨርስ የንብረት ቆጠራ መጣ፤ አንድ ኪቦርድ ጎደለ። ነቅዬ ያስረከብኩት እኔ ነኝና ደብዳቤ ተጻፈብኝ። የጻፈችው እሷ ናት፤ ያመጣችልኝም እሷው። «በእጅዎ የሚገኘውን አንድ ኪቦርድ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲመልሱ በጥብቅ እናሳስባለን» ይላል።

«ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ መምህር፤ ስህተት ካለው ይንገሩኝ» አለችኝ።

አልነበረውም። ከዚያ ከነጠላዋ ሥር ኪቦርዱን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ደነገጥኩ። ቁልፎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው፤ አንድም ፊደል የላቸውም። ምን አድርገሽው ነው ብዬ ተቆጣሁ።

«ወደ ታች አትዪ አሉኝ፤ ዓይኔ እየወረደ አስቸገረኝ። በአባቴ መፋቂያ ፋቅሁት።»

ብራና ላይ የተሳሳተ ቃል እንደሚፋቅ ነው የፋቀችው፤ በጥንቃቄ፣ ሳትሰብር። ይዤው ወደ ንብረት ክፍሉ ሄድኩ። ኃላፊው አገላብጠው አዩና አልቀበልም አሉ። እሳቸው ያስመዘገቡት ፊደል ያለው ነው፤ ይህ ፊደል የለውም። የሚቀበሉት ማን እንዳበላሸው የሚገልጽ ደብዳቤ ሲቀርብላቸው ብቻ ነው። የማይሠራበት ዕቃ፣ ከማይሠራበት ስክሪን ጋር ተቆልፎበት ሊቀመጥ!

ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ከእሷ ሌላ የለም። ቢሮዋ ገብቼ ቆሜ አስጻፍኳት። ሙከራ ላይ ያለች ሠራተኛ ንብረት አበላሸች ቢባል ቦታዋን እንደምታጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ፊደሉ የተፋቀው በመምህሩ ነው ብለሽ ጻፊ አልኳት። እጇ ቆመ። አላየችኝም፤ ፊት ለፊት ግድግዳውን ነበር የምታየው። ከዚያ ጣቶቿ ተነሡ፤ መስመሩን ሳትደናቀፍ ጨረሰችው።

ወረቀቱ ሲወጣ አነበብኩት። ከታች የእኔ ስም አለ። ከላይ ግን «ፊደሉ የተፋቀው በጸሐፊዋ ሲሆን ምክንያቱም ለመማር ነው» ይላል። እንድታስተካክለው ልነግራት ፈልጌ ስህተት ፈለግኩበት። አንድም አላገኘሁም። ፈረምኩበት።