ሲስተር የሺመቤትና የማይተኙ እጆች

የጤና ጣቢያ ነርስ የነበሩት ሲስተር የሺመቤት ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ አዳማ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ከመቂም ከአርሲ ነገሌም ልጆቻችሁን አዝላችሁ ወደ እሳቸው ትመላለሱ የነበራችሁ፣ ቀብራቸው ላይ ያልደረሳችሁ ሁሉ፣ መርዶውን በዚህ ጽሑፍ ስለምትሰሙ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔም ከእነዚያ ልጆች አንዷ ነበርኩ።

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ነበር። ከምሳ በኋላ ደህና ሆኜ እተኛለሁ፤ ስነቃ የክንዴና የጉልበቴ መታጠፊያ ተቧጭሮ፣ አንሶላው ደም ነክቶት ይገኛል። ግድግዳው ላይ ሳይቀር ቀጫጭን የደም መስመሮች ይታዩ ነበር። እኔ ምንም አላስታውስም። እናቴ ከበሩ ውጭ ሆና ስትጠብቅ የሆነ ነገር ሲፋቅ ትሰማለች፤ ዘላ ስትገባ ድምፁ የለም። «አንድ ነገር እየመጣ ልጄን ይቧጭርብኛል» ማለት ጀመረች። እኔም አምኜ ነበር። እንዲያውም የሚመጣበትን ማዕዘን ለይቼ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው አልተኛም ነበር።

በመጨረሻ በጋለ ብረት የሚተኩስ ሰው ተገኘ። ብረቱ ያን ነገር ከላዬ ያባርረዋል ተባለና ለቅዳሜ ቀጠሮ ተያዘልኝ።

ዐርብ ዕለት ሲስተር የሺመቤት አራስ ሊጠይቁ ግቢያችን መጡ። እናቴ የሆነውን ሁሉ እያለቀሰች ነገረቻቸው። አልሳቁባትም። «እስቲ አብረን እንየው» ብለው እኔን አስተኙኝና ከእናቴ ጋር ግርጌዬ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ፊቴ ጸጥ ብሎ፣ ትንፋሼም ሳይዛባ፣ ቀኝ እጄ ብቻውን ተነሣ። የግራ ክንዴን ፈልጎ አገኘና ጥፍሮቹ ሥራቸውን ጀመሩ። እናቴ ልትሮጥ ስትል ሲስተር ነጠላዋን ያዙ።

«አትሂጂ። የምትፈሪው ይኸው፤ የራሷ እጅ ነው። እሷ ብትተኛም ማሳከኩ አይተኛም።»

እስክነቃ ድረስ እጄን ይዘው ቆዩ። ዓይኔን ስገልጥ የማላውቀው እጅ እጄን ጨብጦታል። እንዴት እንደጮህኩ!

«ችፌ ይባላል» አሏት እናቴን። «ቆዳዋ እርጥበት አይዝም፤ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ያሳክካታል፣ ስታከው ይብስበታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።» እናቴ ንጹሕ እንድሆን ብላ በየቀኑ በትኩስ ውሃና በልብስ ሳሙና ስትፈትገኝ መክረሟን አፍራ ተናገረች። «አላወቅሽም እንጂ አልጨከንሽም» አሏት። ለብ ባለ ውሃ፣ ሽቶ በሌለው ሳሙና፣ ቶሎ አጥባኝ፣ ሳትፈትግ አድርቃ፣ ቆዳዬ ገና ርጥብ ሳለ ቫዝሊን እንድትቀባኝ አሳዩአት። ለቀላው ቦታ ሐኪም የሚያዘው ቅባት፣ ሐኪም ላለው ቀን ብቻ። ጥፍሬ ይቆረጥ፤ የሱፍ ብርድ ልብሱም ይውጣልኝ አሉ።

«ይድናል?» አለቻቸው።

«ይመለሳል። ሲመለስ ግን ማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

ቅዳሜ የትም አልሄድንም። ዛሬ ክንዴ ላይ የብረት ጠባሳ የሌለው በእሳቸው ነው። የአዳማ አቧራማ ንፋስ ሲነሣ ችፌው አሁንም ይመለሳል፤ አልፈራውም።

በጤና ጣቢያው ያያችኋቸው ቁጣቸውንም ታውቃላችሁ። ከገበያ የተገዛ ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ሕፃን ላይ ካዩ «ማን አዘዘው?» ብለው ያፋጥጡ ነበር። ወዲያው ደግሞ እናትየዋን በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ»፣ እንደምን አላችሁ፣ ብለው አረጋግተው፣ ከቦርሳቸው ቫዝሊን አውጥተው ልጁን ራሳቸው ይቀቡታል።

ሊያርፉ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ረቡዕ፣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ዓይናቸው ተከድኗል፤ እጆቻቸው ግን ከጋቢው በላይ ይሠሩ ነበር። ጣታቸው አየር ላይ የሆነ ነገር ይጨልፋል፣ ከዚያ ከክርን ወደ አንጓ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከሥሩ የማንም ክንድ የለም። የምታስታምማቸው የእህታቸው ልጅ «ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ናቸው፤ ማንን እንደሚቀቡ እንጃ» አለችኝ። ምን እንደገፋፋኝ ሳላውቅ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ከእጃቸው ሥር አስገባሁ። እስከ አንጓዬ ድረስ አዳረሱኝ፤ ጣታቸው ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ክንዴን ቀስ አድርገው ገፉና ወደ ቀጣዩ ተረኛ ዞሩ።

ሲስተር፣ ከእኔ ቀጥሎ የቆመው ማን እንደነበር አላየሁም። ማንም ይሁን፣ ተራው ደርሶታል። የቀረነውን እኛው እንቀባባለን፤ አስተምረውናል። አሁን እጅዎን ያሳርፉ።